ከትዝታ ወደ ድርሰት፦ የጨርጨር ከተሞች ያልተጻፈ ሀብት

ለጀማሪ ጸሐፊ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚደገመው «ያየኸውን፣ የኖርከውን ጻፍ» የሚለው ነው። ምክሩ ቅን ነው፤ ግን ካየነውና ከኖርነው ውስጥ የትኛው ለድርሰት እንደሚሆን፣ የትኛው ደግሞ የቤተሰብ ጨዋታ ሆኖ እንደሚቀር አይነግረንም። ብዙ ማየት ብቻውን ደራሲ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ ባለፉት መቶ ዓመታት ወረራ፣ ስደት፣ አብዮት፣ እስርና ረኀብ ያየችው አገራችን በልብ ወለድ በተጥለቀለቀች ነበር። የበዛው ግን ግለ ታሪክ ነው። ከልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» እና ከደጃዝማች ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ» ጀምሮ፣ በሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» አልፎ፣ እስከ ታደለች ኃይለ ሚካኤል «ዳኛው ማነው?» ድረስ ያለው ረድፍ ረጅምና የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ትዝታ ከምስክርነት አልፎ የፈጠራ ሥራ የሚሆነው መቼና እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ በቂ ውይይት አላገኘም። ጥያቄውን በጥቅሉ ከማንሣት በአንድ አካባቢ ላይ ቆሞ መመርመር ይሻላል። ለዚህ የጨርጨር ደጋ የሚገኝበት ምዕራብ ሐረርጌ ተስማሚ ቦታ ነው፤ በመንግሥት መዝገብ ጭሮ፣ በብዙ ሽማግሌዎች አንደበት ግን ዛሬም አሰበ ተፈሪ የምትባለው ከተማና በዙሪያዋ ያሉት ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ መቻራና ሚኤሶ። እዚህ የገዙና የኖሩ ጥቂት ሰዎች ትዝታቸውን በተለያየ መንገድ ሠርተውበታል፤ እጅግ የሚበዛውን የነዋሪውን ትዝታ ግን ገና ብዕር አልነካውም። የዚህ ዳሰሳ አቋም እንዲህ ነው፦ ለድርሰት ይበልጥ የሚበጀው ትዝታ፣ ባለቤቱ «ይህስ ለማን ይጠቅማል» ብሎ የሚጥለው ትንሹ ትዝታ ነው።

ነገሩን ከፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መጀመር ግድ ይላል። በ1876 ዓ.ም. ገደማ ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ዐድዋን አዩ፤ ከዚያ ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን በዕቅድ እንዳቀኗት ይነገርላቸዋል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በፋሺስት ወረራ ዋዜማ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተከራከሩ ሰው ናቸው። ከረጅም ስደት ተመልሰው የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት ሂርና ነው፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚህ የበለጠ ለልብ ወለድ የሚሆን ሕይወት ከየት ይገኛል? ሆኖም ተክለ ሐዋርያት የፈጠራ ሥራ ሲጽፉ ስለ ዐድዋም፣ ስለ ሩሲያም አልጻፉም። የአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንስሳት የሚነጋገሩበት የተረት ተውኔት ነው። በውስጡ ግን የራሳቸው ትዝታ በሁለት በኩል ገብቷል። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ ባሕር ማዶ ቴአትር ሲታይ አይተው ነበርና በአገራቸው ቴአትር እየተባለ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ አላረካቸውም። ሁለተኛው ቁጣው ነው፤ ሠልጥኖ ተመልሶ የሹማምንቱን አሠራር ያየ ሰው ቁጣ በአውሬዎቹ አፍ ተነገረ። ቤተ መንግሥቱም መልእክቱን ስለተረዳው ተውኔቱ እንዳይታይ አገደው።

እኚሁ ሰው በሌላ ጊዜ ደግሞ ትዝታቸውን ያለ ጭንብል ጽፈዋል። «ኦቶባዮግራፊ፣ የሕይወቴ ታሪክ» ከሞቱ ከሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ያስተምራል። በግለ ታሪኩ ውስጥ የሹመቱ፣ የሽረቱ፣ የክርክሩ ክፍል ለታሪክ ተመራማሪ ወርቅ ነው፤ እዚያ ላይ የሚናገረው ሰው ግን ለሠራው ሥራ መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን ነው። የዐድዋው ክፍል ሌላ ነው። እዚያ የሚያየው ልጅ ነው። ልጅ የጦር ስልት አያውቅም፤ ማን የቱን ግንባር እንደያዘ ለመተንተን ኃላፊነትም የለበትም። የሚያየው በቁመቱ ልክ ያለውን፣ የሚሰማው ቅርቡ ያለውን ነው። አንባቢ ያንን ክፍል ደጋግሞ የሚያነሣው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ትልቁ ታሪክ በትንሽ ዓይን ሲታይ አንባቢው ከጎን ቆሞ አብሮ ያያል፤ በትልቅ ሹም ዓይን ሲታይ ግን ከፊት ተቀምጦ ይሰማል። ድርሰት የሚወለደው ከመጀመሪያው ዓይነት እይታ ነው። ያም ሆኖ ተክለ ሐዋርያት ያንን ልጅ ወደ ልብ ወለድ አላስገቡትም።

ወደዚያ የተጠጋው ልጃቸው ነው። ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. ያሳተሙት «አርአያ» ከአገሩ ወጥቶ ፈረንሣይ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ታሪክ ነው። በልጅነቱ ከአገሩ ተለይቶ ባዕድ እጅ ያደገ፣ ሠልጥኖ ሲመለስ አገሩን እንደገና መማር ያለበት ሰው ጉዳይ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ እንግዳ አልነበረም፤ አባትየው ሩሲያ ላይ ያለፉበት መንገድ ነው። ልጅየው ግን የአባቱን ሕይወት አልገለበጠም። አገሩን ለወጠ፣ ስሙን ለወጠ፣ ዘመኑን አሸጋሸገ፤ ያልለወጠው ዋናውን ስሜት፣ የተመላሹን ብቸኝነትና ጉጉት ነው። እንግዲህ ከአንድ ቤተሰብ ሦስት መንገድ አገኘን። ትዝታን በተረት መሸፈን፣ ትዝታን በስሙ ጠርቶ መመስከር፣ ትዝታን ለሌላ ሰው አውርሶ ልብ ወለድ ማድረግ። «አርአያ» በጥበቡ ጉድለት አለበት፤ ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ ከመኖር ይልቅ ይሰብካሉ። ቢሆንም የራስ ትዝታ ያልሆነ ትዝታም ለደራሲ መነሻ እንደሚሆን ካሳዩ ቀደምት የአማርኛ ልብ ወለዶች አንዱ ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ተማሪዎች ከግለ ታሪኩ ጋር አጣምረው ሊያነቡት ይገባል።

የሌላ ሰው ትዝታ የራስ የሚሆንበትን መንገድ ይበልጥ የሚያሳየው በ1920ዎቹ ጨርጨርን የገዙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። እንግሊዛውያን መኮንኖች አንሥተው ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ እዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብለው አድገው ሐኪም ሆኑ። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛ አያውቁም ነበር። የማን ልጅ መሆናቸውን የነገሯቸው አያታቸው ናቸው፤ የለዩዋቸውም በአካላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለደራሲ የሚሆነውን ትንሽ ነገር ልብ በሉ። ስለ መቅደላ የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ መድፉ፣ ዘረፋው፣ የንጉሡ አሟሟት ተደጋግሞ ተነግሯል። ጠባሳው ግን ከታላላቅ መጻሕፍት ዳር የወደቀ ነገር ነው። ሆኖም ሕፃኑ ምን ሲያደርግ እንደቆሰለ፣ ማን ቁስሉን እንዳጠበ፣ አያቲቱ ያንን ጠባሳ 30 ዓመት ሙሉ በልባቸው እንዴት እንደያዙት ያሰበ ሰው ልብ ወለዱን ግማሽ ጽፎታል። ወርቅነህ ራሳቸው የዕለት ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር፤ የሕይወታቸውን ታሪክ ያጠኑ ሰዎችም ብዙ ተጠቅመውበታል። ግን የሕይወታቸው ዋና ትዝታ በማስታወሻቸው ውስጥ አልነበረም፤ በአንዲት አሮጊት ዘንድ ነበር። ስለዚህ «የግል ትዝታ» ስንል ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ አድርገን ማሰብ የለብንም። ደራሲው የራሱን ልጅነት ለመጻፍ እንኳ የእናቱን፣ የጎረቤቱን፣ የመምህሩን ትዝታ መለመን አለበት።

እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ ገዥዎችና የገዥ ልጆች ናቸው። የምዕራብ ሐረርጌ ትዝታ በወረቀት ላይ የወረደው በአብዛኛው ከላይ ነው። ከታች ያለውን ከጻፉት ጥቂቶች መካከል የገለምሶው ተወላጅ አፈንዲ ሙተቂ ይጠቀሳል፤ ስለ ሐረርጌ ሰው አኗኗር፣ ጨዋታና ወግ በአማርኛ ማስፈሩ ሊመሰገን ይገባል። ከዚያ ውጭ ያለው ሜዳ ገና ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ የሆነው ደግሞ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ሚኤሶን እንውሰድ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ይህች የቆላ ከተማ የባቡር ጣቢያ ሆና ኖራለች። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሣይኛ ነበር፤ በጣቢያዎቹ ዙሪያ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አፋሩ፣ ዐረቡ ተገናኝቷል። አሮጌው ባቡር በዚያ መስመር መሄዱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በሚኤሶ በኩል ያልፋል። በሁለቱ ባቡሮች መካከል ያለው ዝምታ፣ ባቡር የማይመጣበት የባቡር ጣቢያ ከተማ ኑሮ፣ አንድም ሰፊ ልብ ወለድ አላገኘም። ኮሎምቢያዊው ደራሲ ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ አያቶቹ ቤት ያደገባት አራካታካ ከዚህ የተለየች አልነበረችም፤ ትንሽ፣ ሞቃት፣ ባቡር የሚያልፍባት፣ ኩባንያ መጥቶ የሄደባት ከተማ ናት። ልዩነቱ እሷ ጸሐፊ ማግኘቷ ነው።

የትንሹን ትዝታ ነገር በቅርብ ለማየት ከባቡሩ ይልቅ ማሳው ይሻላል። የጨርጨር ደጋ የሐረር ቡና ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ቡናው ሳይታጠብ ከነቆዳው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሆኖ ነው ለገበያ የሚወጣው። በ1981 ዓ.ም. የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት ፈርሶ ዋጋው ሲወድቅ፣ በሽታውና ድርቁም ሲጨመር፣ ብዙ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ይህን ታሪክ እንደ መረጃ የሚነግሩን ጥናቶች አሉ። አሁን አባቱ ቡና ሲነቅል ያየ፣ ዛሬ 40 ዓመት ያለፈው የበዴሳ ወይም የሂርና ሰው ብዕር አነሣ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ትልቁ ነው፦ የዓለም ገበያ፣ የገበሬው መበደል፣ የባህል መጥፋት። ይህን ቢጽፍ ጥሩ የጋዜጣ አስተያየት ይወጣዋል። አልፎ ቢቆፍር ግን ሌላ ነገር ያገኛል። አባቱ በዶንጎራ ሥሩን ሲፈነቅል የመጀመሪያውን ዛፍ ለመምረጥ ስንት ጊዜ ቆመ? ግንዱን ለማገዶ ሲያመጡት እናቱ በዚያ እንጨት ቡና ለመቁላት እጇ አልሄደም ይሆን? ጀንፈል ይሰጣበት የነበረው ደጅ ባዶ ሲሆን ልጆቹ ምን ተጫወቱበት? ጫቱ ደርሶ የመጀመሪያው ዙርባ ሲሸጥ፣ ቡና በዓመት አንዴ ያመጣው የነበረው ገንዘብ በየጊዜው እየተቆራረሰ ሲገባ፣ ቤት ውስጥ ቁልፉን የያዘው ማን ሆነ? የቡናው ገለባ እያነሰ ሲሄድ ወተት ተጨምሮበት የሚፈላው ሆጃስ ከየት መጣ? እነዚህን ጥያቄዎች ባለቤቱ «ይህስ ለማን ይጠቅማል» ብሎ ያልፋቸዋል። የዓለም ገበያ ግን በእነርሱ ውስጥ አለ፤ አንባቢው ራሱ ያገኘዋል። ስለ ኮታ ስምምነት አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍ ስምምነቱ የፈረሰበት ቤት ሊታይ ይችላል።

ትዝታን ወደ ጥበብ መለወጥ ለሐረርጌ ሰው ከውጭ የመጣ ትምህርት አለመሆኑን መርሳት አይገባም። የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ማእከል ኦዳ ቡልቱም በዚሁ ምድር ነው። በገራርሳ አዝማሪ ሳይሆን ተራው ሰው የገዛ ሕይወቱን፣ ጀግንነቱንም ብሶቱንም በዜማ ያወራል። ገራርሳ የግል ትዝታ ነው፤ ግን ልቅ አይደለም፤ የተወረሰ አጀማመር፣ የተወረሰ ዜማ፣ ተናጋሪው የሚጠበቅበት ሥርዓት አለው። ከሁሉ በላይ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ይባላል። ያላደረገውን አደረግሁ ቢል የሚያርመው ሰው ከጎኑ ቆሟል። የአማርኛው ፉከራና ቀረርቶም በዚህ ይመሳሰለዋል። ከሰዓት በኋላ በበርጫ ላይ የሚወራው ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው «እንደሱ አልነበረም» ብሎ ያስተካክላል፣ ሦስተኛው የረሱትን ይጨምራል። ጽሑፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል። ብቻውን ነው፤ የሚያርመው የለም። ምስክሩን የሚተካለት አንድ ነገር ብቻ አለ፣ ዝርዝሩ። አንባቢ ጸሐፊውን ባያውቀውም የጀንፈሉን ሽታ፣ የዶንጎራውን ክብደት በትክክል ሲያገኘው ያምነዋል። ትንሹ ትዝታ ለድርሰት ያስፈልጋል የምለው ለጌጥ ብዬ አይደለም፤ ተአማኒነቱ የቆመው እርሱ ላይ ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ደራሲ ማለት የሚፈጥር እንጂ የሚያስታውስ አይደለም፤ በትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ጸሐፊ ከአንድ መጽሐፍ በኋላ ይደርቃል» የሚል ነው። በእርግጥ አንድ መጽሐፍ ጽፈው የጠፉ ብዙዎች አሉ። ግን የደረቁት ትዝታቸው አልቆ ነው ወይስ ትልልቁን ብቻ አንዴ ተርከው ስለጨረሱ? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ዓለማየሁ የማይጨውን ዘመን ጦርነት፣ የጣሊያንን እስር፣ የዲፕሎማሲውን ዓለም አይተው፣ ከለንደን የአምባሳደርነት ዘመናቸው ማግሥት ላይ ነበሩ። ያንን ሁሉ ትልቅ ነገር ትተው የሄዱት ወደ ጎጃም ገጠር፣ ወደ ቆሎ ተማሪ ኑሮ፣ ወደ ባላባት ቤት ወግ ነው። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚራመዱበት መሬት ግን ደራሲው በልጅነት የረገጡት ነው። ጦርነቱን «ትዝታ» ብለው የጻፉት ከዚያ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ነው። ትልቁ ትዝታ ግለ ታሪክ ሆነ፤ ትንሹ የአማርኛ ቋንቋ ታላቅ ልብ ወለድ ሆነ። ፈጠራ ትዝታን አይጠላም፤ የሚቆምበት መሬት ይፈልጋል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ትዝታ ይዋሻል የሚለው ነው። እውነት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሰዎች አንድን እንግዳ ተረት በተለያየ ጊዜ መልሰው ሲናገሩት ያልገባቸውን እየጣሉ፣ የማያውቁትን በሚያውቁት እየተኩ፣ ሳያውቁት የራሳቸው እንደሚያደርጉት አሳይቷል። ማርኬዝም በ1927 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1928 የሆነውን የሙዝ ሠራተኞች ጭፍጨፋ ማስታወስ አይችልም ነበር፤ ከሰማው ተነሥቶ ጻፈው፤ የሟቾቹን ቁጥር ለልብ ወለዱ መጠን አሳደገው፤ በኋላ ግን አንባቢዎች ቁጥሩን እንደ ታሪክ ይጠቅሱት ጀመር። አደጋው ይህ ነው። መልሱ ግን ትዝታን መተው ሊሆን አይችልም፤ ውሉን ግልጽ ማድረግ ነው። ልብ ወለድ ብሎ ያወጣ ሰው ቁጥር የመለወጥ መብት አለው፤ ግለ ታሪክ ብሎ ያወጣ ሰው የለውም። ከጅጅጋ የተነሣው ነጋ መዝለቂያ በ2000 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በእንግሊዝኛ ባሳተመው የልጅነት ትዝታ መጽሐፍ የጠቅላይ አገረ ገዢውን ሽልማት ሲያገኝ፣ መጽሐፉን ያረመችው ሴት «አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ክርክር ተነሣ። መጽሐፉ ትዝታንና የእንስሳት ተረትን አዋሕዶ የሄደ ነው፤ በዚህ ሳያውቀው ይሁን አውቆ ከ«ፋቡላ» ጋር ይዛመዳል። ክርክሩ ያስተማረን ነገር ቢኖር፣ ትዝታ ላይ የቆመ ሥራ የማን ድምፅ እንደሆነ አንባቢ አጥብቆ እንደሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ የማንን ትዝታ እንደተጠቀመ ለይቶ የሚያውቅ ጸሐፊ ያስፈልገናል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ትዝታ ባለቤቶቹ በሕይወት ያሉበት ነው፤ ሲጻፍ ሰው ይጎዳል። በዓሉ ግርማ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አስመራ ላይ ካየው ተነሥቶ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። አንባቢ ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ያሉትን ባለሥልጣናት ለየ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። ይህ የመንግሥት ግፍ ነው፤ ለግፉ ተጠያቂው ገዳዩ ብቻ ነው። ነገር ግን ሥልጣን የሌለው ሰውም በትዝታችን ውስጥ አለ፦ ምስጢሯን ያወቅንባት ጎረቤት፣ ድህነቱን ያየንበት ጓደኛ። በትንሽ ከተማ ስም መለወጥ አይሸፍንም፤ ሂርና ላይ አንዲት ባለሱቅ ብሎ የጻፈ ሰው ማንን እንዳለ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ሐረርጌ ደግሞ የቆሰለ ትዝታ ያለበት ምድር ነው፤ የ1969 እና የ1970ው የሶማሊያ ወረራ፣ ቀይ ሽብር፣ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በብዙ መቶ ሺህ የተፈናቀለው ሕዝብ ገና ሕያው ቁስል ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ትልቅ ትዝታ ይዞ ሲመጣ ውጤቱ ክስና አጸፋ ክስ ይሆናል። እዚህ ላይም ትንሹን ትዝታ የማስቀድምበት ምክንያት አለኝ። የተፈናቀለች ሴት ቤቷን ስትቆልፍ ቁልፉን ለማን እንደሰጠች የሚናገር ታሪክ የብሔር ክስ አድርጎ ለመጠቀም ያስቸግራል፤ ቁልፉን የተቀበለችው ጎረቤት ከሌላው ወገን ልትሆን ትችላለችና። ትንሹ ትዝታ ቁስሉን አይክደውም፤ ግን ሰው ሰው ሆኖ እንዲታይ ያስገድዳል።

ቋንቋውን በአጭሩ ላንሣ። ጭሮ ላይ የብዙው ሰው የልጅነት ትዝታ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የተማረውም ትውልድ በቁቤ ያነባል፣ ይጽፋል። ታዲያ በአማርኛ መጻፉ ትዝታውን መቀማት አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። ትዝታ በተወለደበት ቋንቋ ቢጻፍ የሚመረጥ መሆኑን አልጠራጠርም፤ በአፋን ኦሮሞ የሚጻፈው የጨርጨር ልብ ወለድ እንዲበዛ አጥብቄ እመኛለሁ። ግን የከተሞቹ ሕይወት ራሱ ቅይጥ ነው። ገበያ ላይ በአንዱ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው የሚጨረስ ክርክር አለ፤ ያንን በአንድ ንጹሕ ቋንቋ መጻፍ ትዝታውን ማዛባት ነው። በአማርኛ የሚጽፈው ሰው የኦሮምኛውን አነጋገር፣ የሶማሊኛውን ጥሪ፣ የጣቢያውን ፈረንሣይኛ ሳያጥብ ቢያስገባ አማርኛው ይሰፋል። ከፊሉ የሚገባው ለአገሩ ሰው ብቻ ቢሆንም እንኳ ለሌላው አንባቢ ከአውዱ ይገለጥለታል።

ስለዚህ ልመናዬ በጭሮ ላለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና ለመምህራን ኮሌጁ፣ በየከተማው ላሉ የቋንቋ መምህራንና ለሚጽፉ ወጣቶች ነው። ተማሪዎቻችሁን «ስለ አገር ፍቅር ድርሰት ጻፉ» ከማለት፣ አያቶቻቸው ጀንፈል የሚያሰጡበት ደጅ የት እንደነበር፣ ሚኤሶ ጣቢያ ላይ የባቡሩ ፊሽካ ስንት ሰዓት ይሰማ እንደነበር፣ ሂርና ላይ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በገበያ ሲያልፉ ሰው ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቀው እንዲጽፉ አድርጉ። የሰሙትን በስልካቸው ይቅረጹት፤ የተናጋሪውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ቀረጻውን ለቤተ መጻሕፍት ይስጡ። ከመቶ ተማሪ አንዱ ደራሲ ቢወጣ የቀሩት 99 የሰበሰቡት ደግሞ ለእርሱ ይጠቅመዋል። በአሮጌው ባቡር ላይ የሠሩት፣ ቡናውን በገዛ እጃቸው የነቀሉት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በዚህ ዓመት ጠይቋቸው።